ከግምጃ ቤት እስከ መጽሐፍ ገበታ፤ የቁራጭ ጨርቅ ታሪክ

አማርኛችን ለጨርቅ ያለውን ክብር በአነጋገሩ ይገልጣል። መንገደኛን ስንሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» እንላለን። አእምሮውን የሳተውን ሰው «ጨርቁን ጣለ» እንለዋለን። አንድ ልብ የሆኑ ወዳጆችን በድርና በማግ እንመስላቸዋለን። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የመንግሥት ሀብት የሚቀመጥበት ስፍራ ግምጃ ቤት መባሉ ነው። ግምጃ ማለት በሐር ክር የተሠራ ውድ ጨርቅ ነውና፣ ስሙ አባቶቻችን ስለ ሀብት ሲያስቡ ከወርቁና ከብሩ ጋር ጨርቅን ያስቡ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ይሁንና ስለ ጨርቅ የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የካባና የሹመት ልብስ፣ የሽልማትና የእጅ መንሻ ታሪክ ነው። ካባው ከተቀደደ፣ መጋረጃው በብል ከተበላ፣ ጋቢው ከሳሳ በኋላ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ በተረሳው ወገን ላይ ትንሽ ብርሃን መፈንጠቅ ነው፤ ይኸውም አሮጌ ጨርቅ ለቅሞና አጥቦ በቋጠሮ ያስቀመጠውን፣ ቋጠሮውንም በፈታ ቁጥር «ይህ ለዚህ ይሆናል፣ ያ ከዚያ ጋር ይሰፋል» እያለ በሐሳቡ ሲቆርጥና ሲገጥም የኖረውን ሰው ሥራ ለማስታወስ ነው። ነገሩ ከቤት ውስጥ ጉዳይነት አልፎ መጻሕፍትንና ቅርስን ለሚጠብቅ ባለሙያ ምን ያህል እንደሚያገባው አንባቢ ወደ ኋላ ይገነዘበዋል።

በመጀመሪያ ጨርቅ ስለምን እንደማይጣል መረዳት ያስፈልጋል። ፋብሪካ ባልነበረበት ዘመን አንድ ጋቢ ከትከሻ ላይ ከመዋሉ በፊት ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ ከዚያም በሴቶች እጅ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ ተከማችቶ ሸማኔው ዘንድ የሚደርሰው ከብዙ ምሽት ድካም በኋላ ነው። እንዲህ በተገኘ ጨርቅ ላይ የእናት ወይም የሚስት ጊዜ ተፈትሎበታልና አርጅቷል ተብሎ በአንድ ቀን አይጣልም። ጋቢው ሲሳሳ ደኅና ደኅናው ተመርጦ ለሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። ከዚያ የቀረው የእንጀራ መሸፈኛ፣ ከዚያም የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ወንዶች ልጆች ከቁርጥራጩ ኳስ ይጠቀልላሉ፤ ሴቶች ልጆች አሻንጉሊት ያለብሳሉ። በመጨረሻም ለምንም የማይሆነው ብጣሽ ተገምዶ የኩራዝ ክር ይሆንና፣ የነደደውን ያህል ቤቱን አብርቶ ያልቃል። በእንዝርት ዙሪያ የተጀመረው ሕይወት በእሳት ዳር ይፈጸማል ማለት ነው።

በዚህ መካከል ከሁሉ የላቀ ብልሃት የሚጠይቀው ድሪቶ ነው። ድሪቶ እንደሚታወቀው ከልዩ ልዩ አሮጌ ጨርቅ እየተደራረበና እየተጣጣፈ የሚሰፋ ልብስ ወይም የሌሊት መደረቢያ ነው። ዛሬ ቃሉ ወደ ስድብነት አዘንብሏል፤ ያልተስማማ ሐሳብ የታጨቀበትን ድርሰት ሳይቀር ድሪቶ ብለን እንነቅፋለን። ነገር ግን ድሪቶ ሰፊዋን ሴት በሥራዋ ላይ ያየ ሰው ነቀፋው ፍርድ የጎደለው መሆኑን ሳይረዳ አይቀርም። የትኛው ጨርቅ ጠንካራ፣ የትኛው ቶሎ የሚበሳ፣ የትኛው ከውስጥ ሆኖ ሙቀት የሚይዝ፣ የትኛው ለፊት የሚያምር መሆኑን ታውቃለች። መርፌዋን ከመሰካቷ በፊት ሙሉውን መደረቢያ በዓይነ ሕሊናዋ ሰፍታ ጨርሳለች። የድሪቶ ድህነት የዕቃው ነው፤ የአእምሮዋ አይደለም።

ይኸው ልማድ ከድኻው ጎጆ አልፎ ወደ ባለጸጋውና ወደ ቤተ መንግሥቱም ይደርሳል። አገራችን ከጥጥ ልብስ በቀር ሐርና ከፋይ፣ ባለ አበባ ጨርቅም ታገኝ የነበረው ከውጭ ነው። በቀይ ባሕር በኩል የሕንድ ነጋዴዎች ከጉጅራት የጫኑት ጨርቅ ምጽዋ ይራገፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈርና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያየውን መጋረጃና ውድ ጨርቅ በመጽሐፉ ጠቅሷል። ለንጉሠ ነገሥቱ ከመጣው የእጅ መንሻ ውስጥም ሥዕል የተሸመነባቸው የግድግዳ መጋረጃዎች ነበሩ።

ከውጭ የመጣ ጨርቅ ግን ዘወትር እንዳለ አይለበስም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ በአገራችን የተጓዘውና የጉዞውን መጽሐፍ በ1790 ያሳተመው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ አንድ ትኩረት የሚስብ ነገር ጽፏል። የአገሬው ሰዎች ሰማያዊ ቀለም መንከር ስላልቻሉ፣ ከሱራት የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ክር በክር እየፈቱ፣ ራሳቸው ከነከሩት ክር ጋር እንደ ገና ይሸምኑት ነበር። ነገሩን አስተውሎ ላየው እጅግ የሚያስገርም ነው። ሸማኔው የተጠናቀቀ ጨርቅ በእጁ ይዞ፣ ገና ያልተሠራ ጥለት ያይበታል። የሕንዱ ሸማኔ ድካም እንዲፈታ የተፈረደበት፣ በሌላ ልብስ ጠርዝ ላይ እንደ ገና እንዲኖር ነው። አሮጌ ጨርቅ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ፊቱ ካለው ነገር ይልቅ ሊሆን የሚችለውን ያያል።

ከዚህ ቀጥለን ወደ መጻሕፍት እንለፍ። የብራና መጽሐፍ ከጸሐፊው እጅ ባልተናነሰ የመርፌ ሥራ ነው። ብራናው ሲፋቅ የተቀደደው በክር ይሰፋል፤ ጥራዞቹ ከእንጨት ገበታው ጋር በክር ይያያዛሉ። በአንዳንድ ባለ ሥዕል መጻሕፍትም ሥዕሉ እንዳይፋተግ ከገጹ ራስጌ ላይ ትንሽ የጨርቅ መጋረጃ ተሰፍቶ ይገኛል። ደጓሹ ገበታዎቹን በቆዳ ሲሸፍን የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይለጠፋል፤ በዚህ ጊዜ በእያንዳንዱ ገበታ የውስጥ ገጽ መካከል አራት ማዕዘን ባዶ ስፍራ ይቀራል። በብዙ መጻሕፍት ይህ ስፍራ በቁራጭ ጨርቅ ይሸፈናል። መጽሐፉ ሲከፈት በመጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበት ይኸው ቁራጭ ነው።

የእነዚህ ቁራጮች ዓይነት ብዙ ነው። አንዱ አበባ የታተመበት የሕንድ ጥጥ፣ ሌላው ሐር፣ ሌላው ከፋይ፣ ሌላው የአውሮፓ ፋብሪካ ያተመው ጨርቅ ነው። መጠናቸው ከአንድ መዳፍ የማይበልጥም አሉ። አንዳንዱ ስፍራ በአንድ ወጥ ጨርቅ ሲሸፈን፣ ሌላው ከሁለትና ከሦስት ቁራጭ ተገጣጥሟል። ደጓሹ የአበባው ራስ ከመካከል እንዲውል አድርጎ የቆረጠበትን ሥራ ስናይ፣ ከመቁረጡ በፊት ጨርቁን እያዟዟረ ሲያሰላስል የቆየበት ጊዜ ይታየናል። ድሪቶ ሰፊዋና ደጓሹ በክብር ቢራራቁም የሥራቸው መንፈስ አንድ ነው።

ለታሪክ ጸሐፊ እነዚህ ቁራጮች ታላቅ ምስክሮች ናቸው። ልብስ ተለብሶ ያልቃል፤ መጋረጃ በፀሐይና በጢስ ይጠፋል። በተዘጋ ገበታ ውስጥ የተለጠፈ ቁራጭ ግን ብርሃን ስለማያገኘው ቀለሙን ጠብቆ ይኖራል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር ማይክል ጀርቨርስ ወደ ኢትዮጵያ ስለ ገባው የውጭ ጨርቅ ባደረጉት ጥናት እነዚህን የገበታ ጨርቆች ለማስረጃነት ተጠቅመውባቸዋል። እርግጥ ምስክርነቱን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። መጽሐፉ ዳግመኛ ተደጉሶ ከሆነ ጨርቁ ከጽሕፈቱ በዘመን ያንሳል፤ ለብዙ ዓመታት ተቋጥሮ ቆይቶ ከሆነ ደግሞ ከድጉሱ በዕድሜ ይበልጣል። ቋጠሮ ዘመናትን ያቀላቅላልና።

ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የጨርቅ ብዛት እየጨመረ ሄደ። አቡጀዲድ በየገበያው ተሰራጨ፤ በእግር የሚዘወረው የስፌት መኪናም በየሱቁ በረንዳ ላይ ተተከለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። ይህም ሆኖ የአሮጌ ጨርቅ ጥበብ አልጠፋም፤ ወደ ልብስ ሰፊው ተዛወረ እንጂ። የሸሚዝ ኮሌታ ማስገልበጥ፣ የአባትን ኮት ፈትቶ ለልጅ ማሳጠር የከተማ ልብስ ሰፊ የዘወትር ተግባር ነበር። ሰልባጅ ወይም ልባሽ ጨርቅ የምንለው የባሕር ማዶ አሮጌ ልብስ በየገበያው ሲከመርም፣ ከክምሩ ዳር ቆሞ ልኩ ያልሆነውን ካፖርት በእጁ የሚመዝን ሰው አይጠፋም። እርሱ ካፖርቱን አያይም፤ ከካፖርቱ የሚወጣውን የልጅ ጃኬትና ከገበሩ የሚተርፈውን ያያል። ልባሽ ጨርቅ በአገር ፋብሪካና በሸማኔ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ገዢው ግን የጥንቱን ደጓሽ ሥራ እየሠራ መሆኑን መካድ አይቻልም።

አሁን ወደ ሙያችን እንመለስ። አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሲጠገን የነተበው የገበታ ጨርቅ ተፍቆ በአዲስ ሊተካ ይችላል። ጠጋኙ ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ መጽሐፉ እንዲያምር አስቦ ነው። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ከጉጅራት ወይም ከአውሮፓ ተነሥቶ፣ በምጽዋ አልፎ፣ በአንዲት ቤት ቋጠሮ ውስጥ ቆይቶ ከገበታው የደረሰው መንገድ ሁሉ ከቆሻሻ ጋር ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን በማንሣት ታላቅ ውለታ ውሏል። ይሁን እንጂ ጥቁርና ነጭ ፊልም ቃሉን ሲያድን የጨርቁን ቀለም ሊያድን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰዱት ወደ 350 የሚሆኑ መጻሕፍትም ለቁጥር የበቁት በየርእሳቸው ነው፤ ጽሑፉ ሲነበብ ጨርቁ ሳይነበብ ኖሯል።

ስለዚህ መጽሐፍ በእጁ የሚገባ ባለሙያ ሁሉ ጥቂት ነገሮችን ልማድ ቢያደርግ ይበጃል። የሁለቱም ገበታዎች የውስጥ ገጽ በቀለም ፎቶግራፍ ይነሣ። የጨርቁ ልክ፣ ዓይነቱና የቁራጮቹ ብዛት ከመጽሐፉ መግለጫ ጋር ይመዝገብ። ጨርቁ ከተላቀቀ አይታጠብ፣ አይጣልም፤ የመጽሐፉ ቁጥር ተጽፎበት በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ አብሮ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ቁራጩን አይቶ ሙሉውን ማሰብ የሚችል ዓይን ነው።

እንዲህ ያለው ዓይን ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። ቋጠሮዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ በየብጣሹ ላይ ገና ያልተሰፋውን ልብስ ታይ የነበረችው እናት ነበራት። እርሷ ያስቀመጠችውን የሚያውቅ ቁራጭ፣ እኛ መዝግበን ብናቆየው ለሚመጣው ትውልድ ምን እንደሚሆን አናውቅም፤ ከወዲሁ ከጣልነው ግን ምንም እንደማይሆን እናውቃለን። ይህን ሥራ ለሚጀምሩ ሁሉ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው።