ቄጠማው፣ ፕላስቲኩና እምቦጩ፦ የአኳሪየም ተክል ታሪክ

ላንቻ መንገድ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጀበና ቡና የሚጠጣ ሰው እግሩ ሥር ያለውን አረንጓዴ ነገር ልብ ብሎ አያየውም። ድሮ ቄጠማ ነበር፤ ከረግረግ ታጭዶ የመጣ፣ ጠዋት የሚጎዘጎዝ፣ ማታ ጠውልጎ የሚጠረግ። ዛሬ በብዙ ቦታ የፕላስቲክ ሣር ነው። አይጠወልግም፣ በየቀኑ አይገዛም፤ መዓዛ ግን የለውም። ባለ ቡናዋን ማንም አይወቅሳትም። የቄጠማው ሥራ ጌጥና መዓዛ ነበር። ጌጡን ፕላስቲኩ ተካው፣ መዓዛውን ዕጣኑ።

ይኸው ምርጫ ወደ አኳሪየም ሲገባ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እዚያው ላንቻ ቤት የተከራየ፣ ዓሣ አሳድጎ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን አኳሪየም ገዛ እንበል። ሁለት ዓይነት ተክል ይቀርብለታል፦ ሕያው ተክልና ሲቆሽሽ ታጥቦ የሚመለስ የፕላስቲክ ተክል። አብዛኛው ጀማሪ በዋጋና በመልክ ይመርጣል። ታሪኩን ያወቀ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፦ ተክሉ እዚያ ውስጥ ሥራው ምን ነበር? እሱ ካልሠራውስ ማን ይሠራዋል?

ታሪኩ የሚጀምረው ከዓሣ ሳይሆን ከሻማ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1771 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ሻማ ነዶ በጠፋበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አኖረ። ከቀናት በኋላ በዚያው አየር ውስጥ ሻማ እንደገና ነደደ። ተክሉ የተበላሸውን አየር አድሶት ነበር። በ1779 ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሁስ አንድ ወሳኝ ነገር ጨመረበት፦ ተክል አየር የሚያድሰው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ ነው፤ በጨለማ ግን እሱም እንደ እንስሳ አየሩን ያበላሻል። ይህች ሁለተኛዋ ግኝት አዲስ አበባ ላይ መብራት ሲጠፋ ተመልሳ ትመጣለች።

በ1849 የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችን ቫሊስኔሪያ ከተባለ፣ ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ ከረዘመ የውኃ ተክል ጋር አንድ ላይ አኖረ። ዓሦቹ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ የሚያወጣውን ኦክስጅን ዓሦቹ ይተነፍሳሉ። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን የረገፉት ቅጠሎች በሰበሱ፣ ውኃው ደፈረሰ፣ መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። ዋሪንግተን መፍትሔውን ያገኘው ከቀንድ አውጣ ነው። ቀንድ አውጣዎቹ ብስባሹን በሉት፣ ውኃውም ጠራ። ውጤቱ በ1850 ለለንደኑ የኬሚስቶች ማኅበር ቀረበ። በ1853 የለንደን መካነ አራዊት አኳሪየሙን ለሕዝብ ከፈተ፤ በ1854 ደግሞ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ቃሉን በየቤቱ አስገባው።

ያ የዋሪንግተን ቫሊስኔሪያ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም፤ በጣና ሐይቅም ውስጥ ይበቅላል። ለንደን ላይ ግን የተመረጠው ውብ ስለሆነ አልነበረም። በዚያ ዘመን የአየር ፓምፕ በየቤቱ አልነበረም። ተክሉ የዓሣው ሳንባ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ኤሌክትሪክ ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ አየር የሚነፋ ፓምፕ፣ ውኃ ማጣሪያና ማሞቂያ ተከትለውት መጡ። ተክሉ ሥራውን ለማሽን አስረከበ። ፖሊኤቲሊን የተባለው ፕላስቲክ በ1933 እንግሊዝ ውስጥ ተገኘ፤ ፕላስቲክ ሲበዛና ሲረክስ የፕላስቲክ ተክልም ገበያ ላይ ዋለ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የፕላስቲክ ተክል የሕያውን ተክል መልክ እንጂ ሥራ አልተካም። ሥራውን የወሰደው ሶኬት ላይ የተሰካው ፓምፕ ነው። ስለዚህ ፕላስቲክ የመረጠ ሰው ዓሣዎቹን ሙሉ በሙሉ ለመብራት ኃይል አደራ ሰጥቷል ማለት ነው።

ይህ ለአዲስ አበባ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ላንቻ ያለ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በእኩል ሙቀት ጅቡቲ ካለው ውኃ በሩብ ያህል ያንሳል። ቀን መብራት ሲጠፋ መስኮት አጠገብ ያለ ሕያው ተክል ይደርሳል። ሌሊት ከጠፋ ግን የኢንገንሁስ ሕግ ይሠራል፦ ተክሉም ከዓሣው ጋር ኦክስጅን ይሻማል። ከዚህ የሚያወጣው መላ አንድ ነው፤ መጀመሪያውኑ ዓሣ አለማጨቅ።

ሁለተኛው ሥራ አይታይም። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ይህን መርዝ የሚያከሽፉ ባክቴሪያዎች አዲስ አኳሪየም ውስጥ እስኪበዙ ሳምንታት ይወስድባቸዋል። የጀማሪ ዓሣ በመጀመሪያው ወር የሚያልቀው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱ ግን «ሻጩ የታመመ ዓሣ ሸጠልኝ» ይላል። ሕያው ተክል አሞኒያውን እንደ ማዳበሪያ ይመገበዋል። ፕላስቲኩ ባክቴሪያ የሚለጠፍበት ገጽ ከመሆን አያልፍም።

እስከዚህ ድረስ ሕያው ተክል ያሸነፈ ይመስላል። ታሪኩ ግን ሌላ ምዕራፍ አለው፤ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ያንን ምዕራፍ ከማንም በላይ ያውቁታል።

እምቦጭ የትውልድ አገሩ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ባሕር ያሻገረው ሐምራዊ አበባው የማረከው ሰው ነው። ለኩሬና ለአትክልት ሥፍራ ጌጥ እየተባለ ከአገር አገር ተወሰደ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግብፅ ገባ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ መኖሩ ተመዘገበ፤ በ2011 ጣና ላይ ታወቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቃል፦ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፣ የአጥማጁ ጀልባ መንገድ አጣ፣ ዘመቻ በዘመቻ ላይ ታወጀ። የተነቀለው እንደገና በቀለ። ዘሩ ከሐይቅ ሥር ደለል ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ተኝቶ መነሣት ይችላልና።

ከአኳሪየም በቀጥታ የወጣ ጥፋትም አለ። በ1984 ሞናኮ በሚገኘው የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር ባለው ባሕር ውስጥ አንድ ሜትር ካሬ የማትሞላ የአኳሪየም አልጌ ታየች። ስሟ ኮለርፓ ይባላል። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ሄክታር ሸፈነች፤ ከዚያም በሜዲትራኒያን ዳርቻዎች ተዛመተች።

«ላንቻ ባሕር የለ፣ ሐይቅ የለ» የሚል አይጠፋም። ቱቦ ግን አለ። የመሀል አዲስ አበባ ፍሳሽ ወደ አቃቂ ወንዞች ይወርዳል፤ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ፣ አዋሽ ወደ ቆቃ። አባ ሳሙኤልም ቆቃም እምቦጭ ያየ ውኃ ነው። ቤት የሚቀይር ተከራይ አኳሪየሙን እንዳለ ቦይ ውስጥ ሲደፋ፣ ከዚያች ትንሽ መስታወት የሚወጣው ቅጠል፣ ቀንድ አውጣና ዓሣ መንገዱ ክፍት ነው።

እንግዲህ ጀማሪው ምን ይምረጥ? ሕያው ተክል ይምረጥ፤ ግን ቀስ ብሎ የሚያድገውንና ባለበት የሚቆየውን። አኑቢያስ ለዚህ ይመቻል። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው፤ ደካማ ብርሃን ይበቃዋል፣ በክር ድንጋይ ላይ ይታሰራል እንጂ ግንዱ አሸዋ ውስጥ አይቀበርም። ቅጠሉ ጠንካራ ስለሆነ ተክል የሚግጠው ወርቃማ ዓሣም ብዙ አይደፍረውም። በውኃ ላይ እየተንሳፈፉ በፍጥነት የሚራቡትን ግን ይተዋቸው። የተቆረጠ ቅጠል ፀሐይ ላይ ደርቆ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወገድ፤ የሚቀየረው ውኃም ቱቦ ውስጥ ከሚደፋ የአበባ ማሰሮ ቢያጠጣ ይሻላል።

ቤቱ ጨለማ የሆነበት ወይም መንገደኛ የሆነ ሰው ፕላስቲክ ቢመርጥ ነውር የለውም። ጠርዙ የዓሣ ክንፍ እንዳይቀድ አሮጌ ስቶኪንግ ላይ ጎትቶ ይፈትነው፤ ስቶኪንጉን ከሳበ አይግዛው። በየሳምንቱም ከውኃው ሩብ ያህሉን ይቀይር።

ባለ ቡናዋ ቄጠማውን በፕላስቲክ ስትተካ የቀረባት መዓዛ ነው። ባለ አኳሪየሙ ግን ፕላስቲክ ሲመርጥ የተክሉን ሥራ በራሱ ትከሻ ተቀብሏል፤ ሕያው ሲመርጥ ደግሞ የእያንዳንዷን ቁራጭ ቅጠል አደራ። ሁለቱንም ሳይቀበል የሚገዛ ሰው ዓሣውን ወይም አዋሽን ያስከፍላል።