ዕቅበትና ጥበቃ፦ ከጉና ተራራ እስከ ፎገራ ሜዳ

«ኮንሰርቬሽን» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቃል የፊዚክስ መምህሩም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ የዘረመል ተመራማሪውም ይጠሩታል፤ የሚናገሩት ነገር ግን ለየቅል ነው። እኛ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም «ጥበቃ» እንለዋለን። የአፈርና ውሃ ጥበቃ፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ፣ የቅርስ ጥበቃ ስንል ቃሉ በትክክል ቦታው ላይ ነው፤ ሦስቱም ጠባቂ ይፈልጋሉና። ወደ ፊዚክስ ሲሻገር ግን ያሳስታል፤ እዚያ ጠባቂ የሚባል የለም። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ይበጃል፦ ሰው ኖረም አልኖረም ለሚጸናው «ዕቅበት»፣ የሰው እጅ ካልገባበት ለሚጠፋው «ጥበቃ»።

«ዕቅበት» የመጣው «ዐቀበ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። ዐቃቤ ሕግም ማዕቀብም ከዚሁ ግስ የተገኙ ናቸው። ግሱ ራሱ «ጠበቀ» ማለት ቢሆንም፣ ዕቅበት የሚለው ቃል በዕለት ንግግራችን ዘበኛንም ሆነ ዘብን ስለማያስታውስ ለሳይንስ ቃልነት ይመቻል።

ዕቅበት

በአንድ ዝግ ሥርዓት ውስጥ ምንም ዓይነት ለውጥ ቢካሄድ የአንድ ነገር ጠቅላላ መጠን የማይጨምርና የማይቀንስ ከሆነ ዕቅበት አለ ይባላል። ጉልበት (ኢነርጂ) መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፤ ይህ ዕቅበተ ጉልበት ነው። ቁስም በዕለት ተዕለት ሕይወት በምናያቸው ለውጦች ሁሉ ቦታና ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ከምንም አይመጣም፣ ወደ ምንም አይሄድም፤ ይህ ደግሞ ዕቅበተ ቁስ ነው። ጀርመናዊቷ የሒሳብ ሊቅ ኤሚ ኖተር በ1918 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ሥራ የዚህን ምንጭ አሳየች፦ የተፈጥሮ ሕግ ትናንትም ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት በመሆኑ ጉልበት ይዐቀባል።

ሁለቱንም ሕጎች ደቡብ ጎንደር ውስጥ በዓይን ማየት ይቻላል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሣሉ፤ የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ሁለቱም ፎገራ ሜዳን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ የሐይቁ ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ተራራ ላይ የወረደው ዝናብ ከከፍታው የተነሣ ያለው ጉልበት ቁልቁል ሲወርድ ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ይለወጣል፤ ውሃው በዚያ ጉልበት አፈር ይቦረቡራል፣ ድንጋይ ያንከባልላል። ቀሪው ጉልበት ከመሬትና ከራሱ ከውሃው ጋር በሚደረግ ፍትጊያ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ወንዙ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል፤ የተሸከመውንም ያራግፋል። መጀመሪያ አሸዋው ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ደለሉ፤ ደቃቁ ጭቃ ሐይቁ ድረስ ይዘልቃል።

እንግዲህ ከጉና ወገብ የታጠበውን አፈር ሰብስቦ የሚመዝን ቢገኝ ግራሙ አይጎድልም። አንዱ በወንዙ አልጋ፣ ሌላው በሜዳው የሩዝ ማሳ፣ የቀረው በጣና ሥር አለ። የዕቅበት ሕግ ቅንጣት አልተጣሰም።

ጥበቃ

በጉና ወገብ የሚያርሰው ገበሬ ግን አፈሩን አጥቷል። ለእሱ አፈር ማለት ክብደት አይደለም፤ ጥቁሩ ላይኛው ንብርብር፣ ፍግና የበሰበሰ ቅጠል የተዋሐደበት፣ ውሃ የሚይዝና ዘር የሚያበቅል ነው። ዕቅበት የሚያጸናው መጠንን ነው። የነገሩን ዓይነት፣ ቦታውንና ስብጥሩን የሚያጸና የተፈጥሮ ሕግ የለም፤ የጥበቃ ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ፎገራ ሜዳ ራሱ ወንዞቹ በረጅም ዘመን ባመጡት ደለል የተሠራ ነው። ቀስ ብሎ ሲመጣ ሲሳይ የነበረው አፈር ተራራው ተራቁቶ በብዛት ሲወርድ ግን የርብንና የጉማራን አልጋ ይሞላል። አልጋው ከፍ ሲል ውሃው ዳርቻውን ዘልሎ ይወጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀዬና ማሳ ያጥለቀልቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ያፈናቀለው ጎርፍ አይረሳም። ስለዚህ ተዳፋት ላይ እርከን መሥራት፣ ቦረቦርን በክትር ማሰር፣ የተራቆተውን መሬት ከከብት ንክኪ ከልሎ ማቆየት የተራራው ሰው ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ በፎገራ ሜዳ ያለው የወረታ ገበሬም ጉዳይ ነው።

ጽኑ ዘረመል

በሕይወት ሳይንስ «ኮንሰርቬሽን» ሌላ ትርጉም ይይዛል። በአንዳንድ ዘረመሎች ላይ የሚከሰት ለውጥ ባለቤቱን ስለሚጎዳ፣ ለውጡ ለትውልድ ሳይተላለፍ ይቀራል፤ ዘረመሉ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እምብዛም ሳይለወጥ ይዘልቃል። ይህን «ጽኑ ዘረመል» ብንለው ይገልጸዋል። ታዋቂው ምሳሌ ሂስቶን ኤች4 የተባለው፣ ዲኤንኤ የሚጠቀለልበት ፕሮቲን ነው። የላምና የአተር ሂስቶን ኤች4 እያንዳንዳቸው 102 አሚኖ አሲዶች ሲኖሯቸው፣ የሚለያዩት በ2ቱ ብቻ ነው። እዚህም ቢሆን ጠባቂ የለም። ነገር ግን ከዕቅበት ይለያል፤ ጽናቱ የማይሻር ሕግ ሳይሆን የተፈጥሮ ምርጫ ውጤት ነው።

የፎገራ ላም ግን በዚህ ጽናት አትድንም። ላምነቷ በዘረመሏ የጸና ነው፤ ፎገራነቷ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆነችው፣ ቀንደ አጭሯ፣ በወተቷ የተመሰገነችው ይህች ዝርያ ክረምት ረግረግ የሚሆነውን ሜዳ ለምዳ የኖረች ናት። ከ1970ዎቹ ወዲህ በዚሁ ሜዳ የተስፋፋው ሩዝ ለአካባቢው እንጀራም ገንዘብም ሆኗል፤ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። በዚያው ልክ ግን የግጦሹ ሜዳ ጠበበ፤ ከደጋ ከብት ጋር መዳቀሉም በዛ። ዝርያው በድቅል ቢዋጥ ከዕቅበት ሕግ አንዱም አይጣስም፤ የጠፋው ግን አይመለስም።

ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሁለት የጥበቃ መንገዶች አሉ። አንደኛው «በቦታው ጥበቃ» ነው፤ ከብቱ በተወለደበት ሜዳ፣ በባለቤቱ እጅ ሲራባ። ሁለተኛው «ከቦታው ውጭ ጥበቃ» ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ንጹሑ ዝርያ ተለይቶ እንደሚራባው፣ ወይም የሰብል ዘር በአዲስ አበባው የዘረመል ባንክ በቅዝቃዜ እንደሚቀመጠው። ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው እንጂ የመጀመሪያው ምትክ አይሆንም። ማዕከል ውስጥ የቀረ ከብት ከፎገራ ጎርፍ፣ ከፎገራ ትንኝና ከፎገራ ሣር ጋር አብሮ መለወጡን ያቆማል።

ጥበቃ ማለት ሁልጊዜ አጥሮ መከልከል እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የጣና ሐይቅ ሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ደሴቶቹ፣ ረግረጎቹ፣ ዓሣ አስጋሪውና ገበሬው አብረው ታስበዋል። በጥብቅ የሚከለል ቀጣና አለ፤ ሰው እያረሰና እያሰገረ በልክ የሚጠቀምበትም ቀጣና አለ።

ስለዚህ «ኮንሰርቬሽን» የሚለውን ቃል ሲያገኙ «ሰው እጁን ቢያነሣ ይህ ነገር ይቆያል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ጉልበት ከሆነ ይቆያል፤ ዕቅበት ይበሉት። ሂስቶን ከሆነ ተፈጥሮ እየመረጠች አቆይታዋለች፤ ጽኑ ይበሉት። የጉና አፈር፣ የፎገራ ላም ወይም የጣና ረግረግ ከሆነ አይቆይም። «ተፈጥሮ ራሷን ትጠብቃለች» የሚለው አነጋገር ለእነዚህ አይሠራም፤ ጥበቃ የሚለው ስም የተገባው ለዚህ ሥራ ነው፣ ሠሪዎቹም እኛው ነን።