ምኒልክ ያልሄዱበት ምረቃ

ባቡር በተነሳ ቁጥር ሁላችንም የምንደግማት ነገር አለች፤ «ምኒልክ ናቸው ያስገቡልን» የምትል። ስልኩ፣ ባንኩ፣ የቧንቧ ውሃው፣ ባቡሩ። ዝርዝሩን አንደኛ ደረጃ ሳለን ሸምድደነዋል፤ ውሸትም የለበትም። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። በታህሳስ 1895 ዓ.ም. ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ሜዳ ላይ ሲደርስ ትልቅ የምረቃ ድግስ ተደግሶ ነበር። ምኒልክ በድግሱ ላይ አልተገኙም። መንገዱ ርቋቸው እንዳይመስላችሁ። ተቀይመው ነው።

ሰው በገዛ ባቡሩ ምረቃ ላይ ለምን ይቀራል? እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ።

አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ሲደርስ ገና ወጣት ነበር፤ ምኒልክም ያኔ የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም። ሁለቱ ሰዎች ተስማሙ። ለኢልግ ባቡር የዕድሜ ልክ ሕልሙ ሆነ፤ ለምኒልክ ደግሞ የመሳሪያና የንግድ ጉዳይ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር በግመልና በበቅሎ ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ የሚወጣው፣ ጠመንጃው የሚገባው በዚሁ ፍጥነት ነው። ወደብ የሌለው ንጉሥ፣ ወደብ ላይ ቅኝ ገዢዎች ሲሰፍሩ እያየ፣ ባቡር ቢመኝ አይፈረድበትም።

በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። መስመሩ በሦስት የተከፈለ ነበር፤ መጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያ በከፋ በኩል አድርጎ እስከ ነጭ አባይ። (አዎ፣ ነጭ አባይ! ሕልም ሲያልሙ እንዲህ ነው።) ኢልግ ሊዮን ሼፍኖ ከሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ሆኖ በአድዋው ዓመት ኩባንያውን አቋቋመ። ስሙ ራሱ ደስ ይላል፤ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ የባቡር ሐዲድ ኩባንያ»። ስሙ የእኛ፣ ገንዘቡ የፓሪስ።

ችግሩም እዚያው ላይ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ውስጥ የሚያልፍ፣ ውሃ የሌለበት፣ ገደልና ድንጋይ የበዛበት በረሃ ነው። ሆልሆል ላይ ሸለቆውን ለመሻገር ረጅም የብረት ድልድይ መሥራት ግድ ሆነ። የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮችም ሠራተኞቹን ያጠቁ ነበር። የዘመኑ ፈረንጆች ነገሩን «የሽፍታ ጥቃት» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ይኼን ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ሀዲዱ በግጦሽና በውሃ ጉድጓዳቸው በኩል ሲያልፍ እነዚህን ሰዎች ማን አማከራቸው? ኩባንያውም አላማከራቸውም፣ ጅቡቲ ያለው ገዢም፣ ምኒልክም።

ገንዘቡ አለቀ። የፓሪስ ባለሀብት አክሲዮኑን ለመግዛት አልተሻማም። ሲጨንቃቸው ኢልግና ሼፍኖ ፊታቸውን ወደ እንግሊዝ ባለሀብቶች አዞሩ። እንግሊዞቹ መግዛት ሲጀምሩ ደግሞ ፓሪስ ላይ ጩኸት ተነሳ፤ የፈረንሳይ ወደብ ላይ የሚያልቅ ባቡር በእንግሊዝ እጅ ሊገባ ነው ተባለ። በጥር 1894 ዓ.ም. መጨረሻ የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ስምምነት ፈረመ። መንግሥት ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ሊሰጥ፣ ኩባንያው በበኩሉ ያለ መንግሥት ፈቃድ ወሳኝ ነገር ላያደርግ። በሌላ አነጋገር የአንድ ነጋዴ ድርጅት የነበረው የፈረንሳይ መንግሥት ክንድ ሆኖ አረፈው።

ምኒልክን ማንም አልጠየቃቸውም።

ልብ በሉ፤ ይኼ ሰውዬ ውጫሌን ያየ ሰው ነው። በአንድ ውል ሁለት ቋንቋ የተነሳ አገር ወደ ጦርነት የገባችው ገና ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እሳቸው ለኢልግ የሰጡት ወረቀት ተገላብጦ የሌላ መንግሥት ንብረት ሲሆን ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። ኢልግን «ከሃዲ» የሚሉ አሉ፤ እኔ እንኳ እዚያ ድረስ አልሄድም። ገንዘብ ያጣ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ምኒልክ ግን የተረዱት ነገር ትክክል ነበር። ሀዲዱ መሬታቸው ላይ ተነጥፎ፣ ቁልፉ ፓሪስ ነው ያለው።

ስለዚህ አልሄዱም። ከመቅረትም አልፈው መስመሩ ከዚያ እንዳይቀጥል ከለከሉ። ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው 310 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች፣ ዋና ከተማ የማትደርስ መስመር ይዞ በ1899 ዓ.ም. ከሰረ። በዚያው ዓመት ታህሳስ ላይ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ተዋዋሉ፤ እስከ አዲስ አበባ ያለው ባቡር ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው ለእንግሊዝ፣ ኤርትራንና የኢጣልያ ሶማሊያን የሚያገናኘው ለኢጣልያ። ገና ያልተሠራ ሀዲድ ተከፋፈሉ ማለት ነው።

ምኒልክ በመጨረሻ ለቀቅ አደረጉ። በጥር 1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ የሰጡት ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታልየን ነበር፤ ከጓዴሉፕ የመጣ ጥቁር ሐኪም። በእሱ ስም የተሰጠው ፈቃድ ለአዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ አለፈ፣ ሥራውም ቀጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ስድስት ሳምንት የነበረው መንገድ ሦስት ቀን ሆነ። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ ያድር ነበር። «ላ ጋር» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃልም አፋችን ውስጥ ገብቶ «ለገሃር» ሆነ።

የምኒልክ ቅሬታ ባዶ እልህ ነበር የሚል ካለ 1927 ዓ.ም.ን ይመልከት። በዚያ ዓመት ታህሳስ 29፣ እኛ ገናን ስናከብር፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ሮም ላይ ተፈራረሙ። ፈረንሳይ ለሙሶሊኒ ከሰጠችው እጅ መንሻ አንዱ ከዚሁ ከኛ ባቡር ኩባንያ የተቆረጠ አክሲዮን ነበር። ወረራው ዘጠኝ ወር ቀርቶታል። የጦር መሣሪያ በጅቡቲ በኩል ይግባ ሲባልም ፈረንሳይ እንቅፋት ሆነች። ባቡሩ የተፈለገው ለዚህ ቀን አልነበረም እንዴ?

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ያው ባቡር አፄ ኃይለ ሥላሴን ይዞ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ሄደው ይከራከሩ ወይስ አገር ውስጥ ይዋጉ የሚለው ክርክር ከባድ ነበር፤ ብላታ ታከለ ወልደሐዋርያት መሄዳቸውን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ናቸው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። ከሦስት ቀን በኋላ ኢጣልያኖች አዲስ አበባ ገቡ። ለገሃር ፊት ለፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ እዚያም ከትልቁ የባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ አጠገብ፣ ለዶጋሊ ሙታናቸው ካቆሙት ሐውልት ሥር አኖሩት። አንበሳው ከባቡር ጣቢያ ተሰዶ ባቡር ጣቢያ ዋለ። ለገሃር የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ባቡሩ እኩል የኛ የሆነው በ1952 ዓ.ም. ነው። በስምምነት ድርሻው ከፈረንሳይ ጋር ግማሽ በግማሽ ሆነ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ አዲስ አበባ መጣ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙዎቻችን በጭላንጭል እናውቀዋለን። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት መስመሩ ተቆረጠ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ፈጣኑ ባቡር ኩርባ ላይ ሳይቀንስ ገብቶ፣ ፉርጎዎቹ ከድልድይ ወደ ገደል ተወረወሩ። የሞተው ሰው ከ400 በላይ ነው። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ አስከፊው አደጋ ተብሎ የተመዘገበው ይኼ ነው፤ የኛ ትውልድ ግን ከነመኖሩም አያውቀው። አገሩ ያኔ ረሃብ ላይ ነበር፤ ሐዘን በሐዘን ላይ ተደራርቦ ይሆናል የተረሳው። ስንት ድሬዳዋ ያለ ቤተሰብ ግን ዛሬም ያችን እሁድ እንደሚቆጥር ድሬ ያደገ ጓደኛ ካላችሁ ጠይቁት።

መስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ለቡ ላይ ሲመረቅ የቀረ መሪ አልነበረም። ጥሩ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የቻይና ብድር ነው። ኩባንያው የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሲሆን 75 በመቶው የኛ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቀሱት ግን የሠሩት የቻይና ድርጅቶች ናቸው። ሙሉ ለሙሉ ያስረከቡን በ2016 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ቢኖሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ፍጥነቱ አይመስለኝም፤ ውሉን አምጡልኝ የሚሉ ይመስለኛል።

ሐረርስ? በ1886ቱ ወረቀት ላይ የመጀመሪያዋ መድረሻ እሷ ነበረች። ሀዲዱን ተራራው ላይ ማውጣት ውድ ሆነና ከታች ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ስሙንም «አዲስ ሐረር» አሉት። ያ ስም አልያዘም፣ ድሬዳዋ ቀረ። አዲሱም መስመር በሜዳው፣ በድሬዳዋ በኩል ነው የሚያልፈው። ሐረሪው ባቡር መሳፈር ካማረው ዛሬም መጀመሪያ ሚኒባስ ይዞ ቁልቁል መውረድ አለበት።