የገበያ ወሬና የፈላጊ መዝገብ በራያ ቆላ

በምሥራቅ ከዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ከላስታ ደጋ መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ ላይ የምትገኘው ቆቦ፣ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅለው የቆላ ገበሬ፣ ገብስና ባቄላ ጭኖ የሚወርደው ደገኛ፣ ከዞብል ማዶም ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ የሚመጣው የአፋር አርብቶ አደር የሚገናኙባት ስፍራ በመሆንዋ፣ ከእህሉና ከከብቱ ቀድሞ የሚደርሳት ወሬ ነበረ። ከገበያ የሚመለሰውን መንገደኛ «ገበያው እንዴት ዋለ?» ብሎ መጠየቅ ከሰላምታ ያለፈ ምርመራ ነው፤ መልሱ የትኛው እህል እንደ ተፈለገ፣ የትኛው ፈላጊ አጥቶ እንደ ዋለ፣ ማን ሳይገዛ እንደ ተመለሰ የሚያስረዳ ስለ ሆነ፣ አስተዋይ ነጋዴ የሚቀጥለውን ጭነቱን የሚወስነው ይህን ሰምቶ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት የሚነግዱ ሰዎች ሕዝብ የሚፈልገውን ቃል እየመዘኑ የሚያደርጉት ጥናት የዚሁ የአሮጌው ምርመራ ዘር ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የጠበቀ ሥርዐት ያለው የአፋር ሕዝብ ይመስለኛል። ዳጉ በተባለው ልማድ ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ዝም ተባብለው አይተላለፉም፤ ተቀምጠው የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የመንገዱን ሰላምና የገበያውን ነገር በየተራ ይነጋገራሉ፤ በዐይን የታየውን በጆሮ ከተሰማው መለየትም የተናጋሪው ዕዳ ነው። የሚጠይቀው ሰው እርሱ ራሱ ደግሞ ተናጋሪ ነውና፣ ማንም ወሬ ሳይሰጥ ወሬ አይወስድም። በጉግል ላይ የሚፈልግ ሰውም እንዲሁ እየጠየቀ ይናገራል፤ ልዩነቱ መናገሩን አለማወቁ ነው።

የጨው ዋጋ ደግሞ ራሱን የቻለ መዝገብ ነበረ። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ በኢትዮጵያ የቈየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚወጣው አሞሌ በተቈረጠበት ስፍራ ለአንድ ድራክማ 120 ወይም 130 ይሰጥ እንደ ነበረ፣ ከገበያ ወደ ገበያ በተሻገረ ቍጥር ግን እየቀነሰ ሄዶ በንጉሡ ከተማ 6 ወይም 7 ብቻ ይገኝ እንደ ነበረ ጽፏል። ይኸው ቄስ በዶብዓ ሕዝብ አገር አፋፍ ባየውና ማናደሌይ ብሎ በጠራው የንግድ ከተማ ከካይሮና ከህንድ ሳይቀር የመጡ ነጋዴዎችን እንዳገኘ ይተርካል። ለጸሎት የተላከ ካህን የዋጋን መውጣትና መውረድ በዚህ ትጋት መመዝገቡ ያስደንቃል፤ እኛም የዚያን ዘመን ገበያ ከብዙ ዜና መዋዕል ይልቅ በእርሱ አኀዝ እናየዋለን።

የገዢን ፈቃድ ማጥናት ኀያላንን እንኳ እንደሚያስገድድ ያሳየችው ማርትሬዛ ናት። የኦስትሪያዋ ንግሥት በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፈች በኋላ፣ ምስልዋ ያለበት ብር ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቀረጽ የኖረው፣ የኢትዮጵያና የዓረብ ገበያ በለመደው መልክ ካልሆነ በቀር አልቀበልም ስላለ ነው፤ ባላገሩ በጌጥዋ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ሳይመረምር ብሩን በኪሱ አያስገባም ነበር። ስለዚህ የቪየና ቀራጮች፣ አይተዋቸው ለማያውቁ የቆላና የደጋ ገበሬዎች ምርጫ ታዘዙ።

ኢጣሊያኖች ከ1928 ዓ.ም. በኋላ የሠሩት የአስመራና የአዲስ አበባ መንገድ በቆቦ ባለፈ ጊዜ የገበያው ወሬ ከግመል ነጂ ወደ ካሚዮን ሹፌር ተላለፈ፤ ፈጠነም። ይሁን እንጂ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኀብ፣ በገበያ ምልክት ብቻ የሚታመን ሰው እስከ ምን ድረስ ሊታወር እንደሚችል ገለጠ። የዚያን ጊዜው የራያና ቆቦ አውራጃ ክፉኛ ከተጐዱት አንዱ ነበረ። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ስለ ረኀብ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሕዝብ በመንገድ ዳር እየረገፈ ሳለ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚገመተው አልናረም፤ ከወሎም እህል ወደ ውጭ ተጭኖ ይወጣ ነበር። ማሽላው የደረቀበት ገበሬ የሚበላውን ባጣበት በዚያው ዕለት የሚገዛበትንም አጥቷልና፣ ረኀቡ በገበያ ላይ ፍላጎት ሆኖ አልታየም። የአፋሩ አርብቶ አደር ከብቱ ካለቀበት በኋላ የተረፈችውን ይዞ ሲመጣ፣ በእርስዋ ለውጥ የሚያገኘው እህል ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ዋጋን ብቻ ያነበበ ሹም፣ አገር ደኅና ነው ብሎ ቢጽፍ ኖሮ አኀዙ አይከሰውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ዋጋውን ራሱ እየቈረጠ ኮታ ስለ ጫነ፣ እህልም በኬላ ስለ ተያዘ፣ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ገበሬው ምን እንደሚፈለግ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዕለቱን ዋጋ በሰሌዳና በስልክ እያወጀ ወሬውን ከደላላ እጅ ለማውጣት ሞከረ።

ጉግል ትሬንድስ የተባለው መሣሪያ የተገለጠው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ መዝገቡ ከ1996 ዓ.ም. ይጀምራል። የሚያሳየው የጠያቂዎችን ቍጥር ሳይሆን፣ አንድ ቃል በአንድ አገርና በአንድ ጊዜ ከተደረገው ፍለጋ ሁሉ የያዘውን ድርሻ ነው፤ ከፍተኛው ድርሻ 100 ይባላል፣ ሌላው በእርሱ ይለካል፣ እጅግ ጥቂቱም 0 ሆኖ ይቀራል። እንጀራ ወይም በርበሬ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ቃሉ በየትኛው አገር፣ በየትኛው ወር እንደሚበረታ ከዚህ ሊረዳ ይችላል። በአማርኛ የሚፈልግ ግን ብርቱ ችግር ይገጥመዋል፤ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሚጽፍ፣ የአንድ ሕዝብ ጥያቄ ተበትኖ እንደ ጥቂቶች ጥያቄ ይቈጠራል። ልምድ ያላቸው የገበያ ባለሙያዎች አጻጻፎቹን ሁሉ በመደመር ምልክት አጣምረው ይፈትሻሉ።

የማያጣምሩት፣ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ የክልሉ ሰው ስልኩን በኪሱ እንደ ያዘ ከመዝገቡ ወጣ። ያን ጊዜ የቆቦ ገበሬ ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ጤፍ ዋጋ ለማወቅ ምን ያህል እንደ ጓጓ በሠንጠረዡ ላይ ሊፈልግ የሚነሣ ሻጭ፣ የሚያገኘውን ትንሽ አኀዝ ፈላጊ እንደሌለ አድርጎ ቢያነብበው፣ በ1965 ዓ.ም. የደሴን የእህል ዋጋ አይቶ እንደ ተጽናናው ሰው ያነብባል።