የጊቤ ወንዝ መሻገር (1933 ዓ.ም.)

የጊቤ ወንዝ መሻገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በግንቦት 1933 ዓ.ም. የመጨረሻ ሳምንት የተደረገ ውጊያ ነው። ከናይጄሪያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወታደሮች በጀልባ ተሻግረው፣ ማዶ የመሸገውን የኢጣሊያ ጦር ሰብረው የጅማንና የከፋን መንገድ ከፈቱ። የእንግሊዝ ታሪክ ጸሐፊዎች «የኦሞ መሻገር» ይሉታል። አገሬው ግን ውጊያው የተደረገበትን፣ አበልቲ ላይ ያለውን ወንዝ የሚያውቀው ጊቤ ብሎ ነው፤ ኦሞ የሚባለው የጎጀብ ወንዝ ከተቀላቀለው ወዲያ ነው። ውጊያው ከአገሬው ትዝታ የራቀበት አንዱ ምክንያት ይኸው የስም ልዩነት ይመስላል።

ኢጣሊያኖች ድልድዩን አፍርሰው ከወንዙ በላይ ባለው የአበልቲ ገደል ላይ መድፍና መትረየስ ጠምደው ነበር። ዝናቡ ወንዙን ሞልቶታል። ወታደሩ ክፍት በሆነ ትንሽ ጀልባ፣ ጎርፉን እየቀዘፈ፣ ከላይ ለሚተኩስበት ደረቱን ሰጥቶ መሻገር ነበረበት። 22ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ በስተደቡብ በሾላ በኩል ተሻገረ፤ የናይጄሪያው ብርጌድ አበልቲ ላይ ተከተለ። የጅማን ዙሪያ የያዙት የእነ ገረሱ ዱኪ አርበኞች ነበሩ። ጅማ ሰኔ 14 ቀን ተያዘች። የኢጣሊያው አዛዥ ጄኔራል ጋዜራ ወደ ምዕራብ ሸሽቶ በሰኔ መጨረሻ እጁን ሰጠ።

የድል በዓላችን የሚከበረው ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡበት ሚያዝያ 27 ነው። በጊቤ ውኃ ላይ የሞቱት ግን የወደቁት ከዚያ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ነው፤ የነፃነቱ ታሪክ እነርሱን ካልጨመረ ጎዶሎ ነው።

በከፋ በወንዝ ስም የሚታወሰው ሌላ መሻገር ነው። የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ከወራት ውጊያ በኋላ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርከው፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ጎጀብን ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን አውልቀው ወንዙ ውስጥ ጣሉ፤ የከፋ ንግሥናም በዚያው አበቃ ይባላል።

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ ቦንጋ የሚሄድ መንገደኛ ዛሬ ጊቤንም ጎጀብንም በድልድይ ያልፋል።