የይፋት ቀትር

የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ1285 እ.ኤ.አ. በሸዋ የመኽዙሚ ሱልጣኖችን ድል አድርጎ የይፋትን የሙስሊም መንግሥት ገናና አደረገ። ኋላ በ1349 እ.ኤ.አ. ያረፈው የማምሉኮች ጸሐፊ አል ዑመሪ፣ ከዘይላዊው ሸይኽ አብደላህ የሰማውን ይዞ ሰባቱን የሙስሊም አገሮች ሲዘረዝር፣ የይፋት ሰዎች የሻፊዒይን መዝሀብ (የሕግ መንገድ) እንደሚከተሉ መዘገበ። ይህች አጭር ማስታወሻ የይፋት ሰዎች የሶላት ጊዜን በምን እንደለዩ ትነግረናለች። በሻፊዒይ መዝሀብ የዐስር (የከሰዓት በኋላ) ሶላት የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ፣ የቀትሩ ጥላ ተቀንሶ፣ ከነገሩ ቁመት ጋር ሲስተካከል ነው፤ አቡ ሐኒፋ ግን እጥፍ እስኪሆን ይጠብቃሉ።

በቀድሞው የይፋት ምድር፣ ሸዋሮቢት ላይ፣ አንድ ሜትር ዘንግ ቀጥ አድርጎ የተከለ ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየዋል። ታኅሣሥ 12 ገደማ ቀትር ላይ ጥላው ወደ ሰሜን 66 ሳንቲ ሜትር ይዘረጋል፤ ስለዚህ ዐስር የሚገባው ጥላው 1 ሜትር ከ66 ሲደርስ ነው። ሚያዝያ 8 አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣና ጥላው ከዘንጉ ሥር ይጠፋል። ከዚያ ወደ ደቡብ ዞሮ በሰኔ አጋማሽ 24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ነሐሴ 21 ገደማ ደግሞ ዳግም ይጠፋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የቂብላው፣ ማለትም ለሶላት ወደ መካ የሚዞሩበት አቅጣጫ ነገር ነው። መካና ሸዋሮቢት አንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከ39.8 እስከ 39.9 ዲግሪ ምሥራቅ ይገኛሉ። የደማስቆና የካይሮ ሊቃውንት በረቀቀ ስሌት ይፈልጉት የነበረው አቅጣጫ፣ ዛሬ ፍርስራሻቸው በሚታየው የይፋት ከተሞች በኖራ፣ በአስበሪና በማሰል ከቀትሩ ጥላ መስመር ጋር አንድ ነው።

ወላስማዎች በተነሡበት ዘመን ከቀይ ባሕር ማዶ፣ የየመኑ አል አሽረፍ ዑመር ስለ አስትሮላብና ስለ ፀሐይ ሰዓት አሠራር ይጽፍ ነበር። በ1291 እ.ኤ.አ. የሠራው አስትሮላብ አሁን ኒውዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ነው።

የፀሐይ ሰዓት የሚነደፈው ለቦታው ነው፤ ሸዋሮቢት ደግሞ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ናት። መሬት ላይ የሚዘረጋው ዓይነት እዚህ አያዋጣም፤ ጥላ ጣዩ ከወለሉ 10 ዲግሪ ብቻ ስለሚነሳ የ7 ሰዓቱ መስመር ከ6 ሰዓቱ የሚርቀው 2.7 ዲግሪ ብቻ ነው። ወደ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ላይ የሚሳለውም ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ቀትር ላይ ፀሐይ ከጀርባው ስለምትሆን ሥራ ይፈታል። የሚስማማው ከመሬት 80 ዲግሪ ቀና ብሎ የሚቆም፣ መሐሉ በዘንግ የተወጋ ክብ ሰሌዳ ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ሰዓት እኩል 15 ዲግሪ ይይዛል። ከመጋቢት 11 እስከ መስከረም 12 ገደማ ፀሐይ የምታርፈው በሰሜኑ ፊት፣ በቀረው ጊዜ በደቡቡ ስለሆነ፣ ሠሪው ሁለቱንም ፊቶች መከፋፈል አለበት።