የመንገድ ዳር ዛፍ አነሣሥ፤ ከባሕር ዛፍ ትእዛዝ እስከ ቦሌ ጎዳና

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በአካባቢዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተጨፈጨፈ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ የደረሱት በዚሁ የእንጨት እጦት ምክንያት ነበር። ከተማይቱን በስፍራዋ ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ፈጥኖ አዳጊ ባሕር ዛፍ ነው።

ይሁን እንጂ ዛፉ በተስፋፋ ጊዜ ምንጭ ያደርቃል የሚል አቤቱታ ተነሣበት። እ.ኤ.አ. በ1913 ከቆመው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ቢታዘዝም፣ ትእዛዙ የተፈጸመው በከፊል ብቻ ነበር። ምሳር የሚያስወግደው ግንዱን ነው፤ ጉቶው ካልተነቀለ ባሕር ዛፍ መልሶ ያቆጠቁጣል።

የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከልደታ ወደ ቦሌ ከመዛወሩ በፊት፣ በከተማይቱ ምሥራቅ የሚቆረጥ ዛፍ የሚወድቀው በአመዛኙ ወደ ባዶ ሜዳ ነበር። ዛሬ ግን ከበላዩ የመብራት ሽቦ፣ ከሥሩ የውሃ ቧንቧ፣ ከጎኑ ተሽከርካሪና እግረኛ አለ። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር በመገናኛ በኩል እስከ አያት ሲዘረጋ፣ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለውን ጎዳና ሲያድስ፣ የመንገድ ዳር ዛፍ የባለሙያ ጉዳይ መሆኑ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል።

ሥራው የሚጀምረው ከመጋዙ በፊት ነው። የዛፉ ቁመት፣ የዘመመበት አቅጣጫና የግንዱ ጤንነት ይመረመራል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ እንዲቋረጥ ይደረጋል፤ መንገዱም ይዘጋል። ገላጣ ስፍራ ሲገኝ ከሠራተኛው በቀር ማንም ሰው ከዛፉ ቁመት እጥፍ በሚያንስ ርቀት እንዳይቆም ተደርጎ፣ በሚወድቅበት ጎን የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ይወጣል፤ ከዚያም ከበስተኋላው ይቆረጣል። በሁለቱ ቁርጦች መካከል የሚተወው፣ የግንዱን ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል የሆነው እንጨት፣ እንደ ማጠፊያ ሆኖ አወዳደቁን ይመራል። በጠባብ ጎዳና ግን ዛፉን በሙሉ ቁመቱ መጣል አይገባም፤ ከጫፉ ጀምሮ እየተከፋፈለ በገመድ ይወርዳል።

ይህ አሠራር ጊዜ የሚያባክን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአንድ ጎዳና ዛፎች አስቀድመው በአንድ መዝገብ ከተለዩ፣ አንድ የመብራት ማቋረጥና አንድ የመንገድ መዝጋት ለብዙ ዛፍ ይበቃል። መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ ንድፉ ጥቂት ቢሻሻል ሳይቆረጥ ሊተርፍ የሚችለውን ዛፍ ያሳያል።

እንግዲህ የቀድሞው ትእዛዝ የተወው ትምህርት ይህ ነው፦ ጉቶው የሚነቀልበት፣ ጉድጓዱ የሚሞላበትና ተተኪው የሚተከልበት ዕቅድ ሳይዘጋጅ የሚነሣ መጋዝ ሥራውን በጅምር ያስቀረዋል። ከሁሉም በላይ፣ በዛፉ ሥር የሚያልፈው እግረኛና በላዩ የወጣው ሠራተኛ በሰላም ወደ ቤታቸው መግባታቸው የሚወሰነው በዚሁ ዕቅድ ነው።